ያገለገለ የትሪያል ሞተር ጥገናና ማሻሻያ፦ አዲስ አበባ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ያረጀ የትሪያል ሞተር እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ልግጠምበት?» ብሎ ነው። ጥያቄው ደስ ይላል፤ ሞተሩን እንደወደደው ያሳያል። ግን 20 እና 30 ዓመት የሠራ ሞተር ላይ ትልቁ ማሻሻያ ከውጭ የሚታይ አይደለም። ያለቀ ኩሽኔታ መቀየር ነው፣ ካርቡራቶሩን ለከተማችን ከፍታ ማስተካከል ነው፣ ፍሪሲዮኑ በደንብ እንዲለቅ ማድረግ ነው። መጀመሪያ ፋብሪካው እንደሠራው ይሁን፣ ስለ ጌጡ ከዚያ እናወራለን። ከታች ያሉትን በቅደም ተከተል ማንበብ የለባችሁም፤ የቸገራችሁን ፈልጋችሁ ሂዱበት።

ትሪያል ሞተር ከሞቶክሮስ በምን ይለያል?

ትሪያል እንደ ሞቶክሮስ እሽቅድምድም አይደለም። ድንጋይ፣ ግንድ፣ ጭቃና ቁልቁለት እግር ሳያወርዱ ማለፍ ነው። እግራችሁ አንዴ መሬት ከነካ 1 ነጥብ፣ ሁለቴ ከነካ 2፣ ከዚያ በላይ 3፣ ጨርሶ ካቃታችሁ 5 ይቆጠርባችኋል። ትንሽ ነጥብ የያዘ ያሸንፋል።

ሞተሩም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው። አዲሶቹ 70 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ፣ የድሮዎቹ ባለ ሁለት ሾክ ከ85 እስከ 100 ይደርሳሉ። የሚነዳው ቆሞ ነው። ዝቅተኛ ማርሾቹ ከሰው እርምጃ ብዙም አይፈጥኑም። አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ይህ ሞተር ዕድሜውን የሚያሳልፈው በዝቅተኛ ዙር፣ ነዳጅ መስጫው ገና ትንሽ ተከፍቶ ነው። ከታች የምላችሁ ብዙው ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው።

አዲስ አበባ መንገድ ላይ ይዤው መውጣት እችላለሁ?

ዝም ብሎ አይወጣም። የከተማ አስተዳደሩ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ጥሏል፤ ለመንቀሳቀስ ፈቃድ ያስፈልጋል። አሠራሩ ስለሚለዋወጥ ከመግዛታችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ደላላ የሚላችሁን ይዛችሁ አትግቡ። ብዙዎቹ ትሪያል ሞተሮች ደግሞ መብራትም ፍሬቻም መስታወትም የላቸውም። ስለዚህ ፒካፕ ላይ ጭኖ መሄድ ነው የሚያዋጣው፤ ለሁለት ሰው ሸክሙ ከባድ አይደለም።

የትኛውን ሞዴል ልግዛ?

የምታገኙትን ነው እንጂ የምትመርጡት ብዙ የለም። ምርጫ ካላችሁና የመጀመሪያችሁ ከሆነ ግን በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ቀለል ያለ ሞተር ያዙ። ያማሃ ቲዋይ 175 ወይም ሆንዳ ቲኤልአር 200 ጥሩ ናቸው። ቲዋይ 175 ቱ ስትሮክ ነው (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚቃጠል)፣ የሲሊንደሩ ስፋትና የፒስተኑ ጉዞ 66 በ50 ሚሊ ሜትር ነው፤ የያማሃ ዲቲ 175 ልክም ይኸው ነው። ይህ ማለት ግን የዲቲ ዕቃ ሁሉ ይገጥማል ማለት አይደለም፣ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መለካት ግድ ነው። ሆንዳው ፎር ስትሮክ ስለሆነ የዘይት ቅልቅል ጣጣ የለበትም፣ ባህሪውም ገር ነው።

በውሃ የሚቀዘቅዙት፣ እነ ሞንቴሳ ኮታ 315፣ ቤታ ሬቭ 3፣ ጋዝ ጋዝ፣ ሸርኮ፣ ሲነዱ በጣም የተሻሉ ናቸው። ግን ፓምፕ፣ ራዲያተር፣ ፋን፣ በዘይት ግፊት የሚሠራ ፍሪሲዮን አላቸው። የሚበላሸው ነገር በዛ ማለት ነው።

ስገዛ ምን ልይ?

በመጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይጠብቃችሁ። ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ኑ፤ በብርድ አልነሳ ማለት የሞተር ዋናው ምስጢር ነው።

ከዚያ ከታች ወደ ላይ እዩት። የሞተሩ ሆድ ላይ ያለው የብረት መከላከያ መጠረቡና መጎድጎዱ የሚያስደነግጥ አይደለም፣ ድንጋይ ላይ የሚኖር ሞተር ነው። የሚያስደነግጠው ከመከላከያው ጀርባ ያለው ቴላዮ (ሁሉን የሚሸከመው የብረት አጽም) ተሰንጥቆ ወይም ተበይዶ ከተገኘ ነው። የኋላውን ጎማ ከመሬት አስነሱና ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዙት፤ ሾኩ ከመሥራቱ በፊት «ቋ» የሚል ባዶ እንቅስቃሴ ካለ የሾክ ማያያዣው ኩሽኔታዎች አልቀዋል። ወደ ጎን ከተወዛወዘ የመወዛወዣው ክንድ ወይም የጎማው ኩሽኔታ ነው። የፊቱንም እንዲሁ፤ መሪውን ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ መሃል ላይ የሚይዝ ከሆነ የመሪ ኩሽኔታው ተጎድቷል።

የካምቢዮውን ዘይት መሙያ ክፈቱና ጣታችሁን ንከሩበት። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ በውሃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ የፓምፑ ፓራኦሊ (ዘይትና ውሃ እንዳያልፍ የሚያግድ የላስቲክ ቀለበት) ነው፣ ከባድ ሥራ አይደለም፣ ግን ውሃ ያለበት ዘይት ሲዞር የቆየ ኩሽኔታ ምን እንደሆነ የሚታወቀው ሲፈታ ነው። ዋጋውን በዚያ ልክ ተከራከሩ። ማስነሻ ፔዳሉንም በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ ተጫኑት፤ ጥርሱን የሚዘል ከሆነ ውስጡ አልቋል፣ ለዚያ የሚሆን ጥርስ ደግሞ እዚህ በቀላሉ አይገኝም።

ኮምፕሬሽን በጌጅ የምትለኩ ከሆነ መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር አትጠብቁ። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት በባህር ጠለል ካለው ወደ ሩብ ያህል ዝቅ ያለ ነው፣ ንባቡም በዚያው ልክ ይወርዳል። ደህና ሞተር «አልቋል» ተብሎ ያለጥፋቱ ይፈታል።

በመጨረሻ ሊብሬውን አምጣ በሉት፣ የሻንሲ ቁጥሩን በእጃችሁ ጥረጉና አንድ በአንድ አመሳክሩ። ሊብሬ የሌለው «የግቢ ሞተር ነው» የሚባል ነገር ቢያንስ የጉምሩክ ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ወረቀት ከሌለው ተዉት፣ ምንም ያህል ቢያምር።

ሞተሩ ያፍናል፣ ጭስ ይበዛዋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። አልቆ ነው?

ብዙ ጊዜ አላለቀም፣ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ወደ 20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡራቶሩ ይህን አያውቅም፣ አውሮፓ ወይም ጃፓን እንደተለካለት ነዳጁን ይሰጣል። ስለዚህ ነዳጅ ይበዛበታል፣ ያፍናል፣ ካንዴላ ያጠቁራል።

መካኒክ ሁሉ ወዲያው የሚሮጠው ወደ ትልቁ ጂግለር (ነዳጁን መጥና የምታሳልፍ ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) ነው። ለመንገድ ሞተር ልክ ነው። ትሪያል ሞተር ግን ትልቁን ጂግለር የሚጠቀመው ነዳጅ መስጫው ሊያልቅ ሲል ነው፣ ያ ደግሞ ስንቴ ይሆናል? የእናንተ ሥራ ያለው ትንሹ ጂግለርና መርፌው ላይ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

ካርቡራቶሩን ፍቱና እያንዳንዷን ቀዳዳ በካርቡራቶር ማጽጃና በአየር አጽዱ። ሽቦ አትክተቱ፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ፊልትሮውን እጠቡ። ንጹህ ካልሆነ ማስተካከሉ ከንቱ ነው። ከዚያ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጡት በሚዞርበት ዙር) አድርጉትና የአየር ቪቴዋን (ማስተካከያ ብሎኗን) ቀስ እያላችሁ ፍቱ። በጣም ጥርት ብሎ የሚዞርበትን ቦታ ስታገኙ ከዝግ ስንት ዙር እንደተፈታች ቁጠሩ። ከ1 እስከ 2 ተኩል ዙር ከሆነ ትንሹ ጂግለር ልክ ነው። ቪቴዋ 3 ዙር ተፈትታም ገና ፍቱኝ የምትል ከሆነ ጂግለሩ ትልቅ ነውና አንድ ቁጥር ዝቅ አድርጉ። ልብ በሉ፦ ይህ የሚሠራው ቪቴዋ በፊልትሮው በኩል ያለች እንደሆነ ነው። በሞተሩ በኩል ያለች ቪቴ ነዳጅ ነው የምትቆጣጠረው፣ ሲፈቷት ነዳጅ ትጨምራለች፣ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል።

ቀጥሎ መርፌው። ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ክሊፕ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ስታወጡ መርፌው ዝቅ ይላል፣ ነዳጅ ይቀንሳል። አንድ ደረጃ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ትልቁ ጂግለር የመጨረሻው ነው፣ ከፋብሪካው ቁጥር ከ8 እስከ 12 በመቶ ዝቅ ያለ ያዙ፤ 120 ከነበረ ከ106 እስከ 110 ባለው ውስጥ ሞክሩ።

አሁን ደግሞ ተቃራኒው። ለከተማው ያስተካከላችሁትን ሞተር ጭናችሁ ወደ አዋሽ ብትወርዱ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ነዳጅ ያንሰዋል። ቱ ስትሮክ ነዳጅ ሲያንሰው ይግላል፣ ፒስተን ይይዛል። የድሮዎቹን ጂግለሮች አትጣሏቸው፣ በትንሽ ፌስታል አስራችሁ ከመፍቻው ጋር አስቀምጡ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ሚኒሞው ከፍ ዝቅ እያለ ካስቸገራችሁ፣ ነዳጅ መስጫውን ለቃችሁም ዙሩ ቶሎ አልወርድ ካለ፣ አየር እየሳበ ነው። በማኞቶው (ኤሌክትሪክ አመንጪው) በኩል ያለውን የኮሎ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ፓራኦሊና የካርቡራቶሩን ማያያዣ ላስቲክ እዩ። ነጭ ጭስ የሚያወጣና የካምቢዮ ዘይቱ የሚጎድል ከሆነ ደግሞ በፍሪሲዮን በኩል ያለው ፓራኦሊ ነው፣ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት እየጠጣ ነው።

ዘይትና ቤንዚን በስንት ልቀላቅል?

መመሪያው የሚለውን። የድሮዎቹ በዛሬ ዘይት ብዙ ጊዜ 50 ለ1 አካባቢ ናቸው፣ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ ያሉት በጥሩ ዘይት 80 ለ1 ይሄዳሉ። በሊትር ሲሰላ 50 ለ1 ማለት 20 ሚሊ ሊትር፣ 80 ለ1 ማለት 12 ተኩል ነው። በዓይን ግምት አትቀላቅሉ፣ ከፋርማሲ ትልቅ ሲሪንጅ ግዙ። ማደያው በጀሪካን አልቀዳም ካላችሁ ታንከሩ ውስጥ የተለካውን ዘይት ቀድማችሁ ጨምሩና ቤንዚኑ ከላይ ሲወርድ ይቀላቀላል፣ ትንሽ ወዝወዝ አድርጉት።

ዘይቱ ጃሶ ኤፍዲ የሚል ምልክት ያለው የቱ ስትሮክ ዘይት ይሁን። የጀልባ ሞተር ዘይት ርካሽ ነው ብለው የሚያመጡላችሁ አሉ፤ እሱ በውሃ ለሚቀዘቅዝ ለጀልባ ሙቀት የተሠራ ነው፣ በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር አይሆንም። የመኪና ሞተር ዘይት መቀላቀልማ ጨርሶ አይታሰብ።

የተቀላቀለ ቤንዚን በሃይላንድ ላስቲክ አስቀምጣችሁ መስኮት ሥር አትተዉ። ፀሐይ ያበላሸዋል፣ እሳቱም ሌላ ጣጣ ነው።

ፍሪሲዮኑን ይዤም ሞተሩ ይጎትታል። ምን ላድርግ?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ነው፣ መጠየቁም ተገቢ ነው። በትሪያል ፍሪሲዮን ዕለት ተዕለት የሚሠራ መሣሪያ ነው፣ በአንድ ጣት ይዘው እየለቀቁ ነው ድንጋይ ላይ የሚወጣው። የሚጎትት ፍሪሲዮን ያለው ትሪያል ሞተር ለሥራው አይሆንም።

ጠዋት ብቻ ከሆነ የሚጣበቀው፣ ፕሌቶቹ (ፍሪሲዮኑ ውስጥ እየተፈራረቁ የተደረደሩት ሸራና ብረት ሳህኖች) በዘይት ተያይዘው ነው። ሳታስነሱ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮን ያዙ፣ ሞተሩን ወደፊትና ወደኋላ ግፉት፣ ይላቀቃል። ሞቆም የሚጎትት ከሆነ ግን መጀመሪያ ቀላሉን አድርጉ፦ ዘይት ቀይሩ። ወፍራም ዘይት ፕሌቶቹን ያጣብቃል። መመሪያው የሚለውን ቀጭን ዘይት ተጠቀሙ፤ አንዳንዶቹ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት የሚወስዱ ናቸው። የሞተር ዘይት የሚል ከሆነ ጃሶ ኤምኤ የሚል ይሁን፣ የመኪና «ነዳጅ ቆጣቢ» ዘይት ፍሪሲዮን ያንሸራትታል። በዘይት ግፊት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ አየሩን አውጡ፣ ግን ከመሙላታችሁ በፊት ክዳኑ ላይ ያለውን አንብቡ፤ ማጉራ የሚባለው የሚወስደው ሚኒራል ዘይት ነው፣ የፍሬን ዘይት ከጨመራችሁበት ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ። ብዙዎቹ ሌሎቹ ዶት 4 ይወስዳሉ።

አሁንም ከጎተተ ይከፈት። የነዳጁን መዝጊያ ዝጉ፣ ሞተሩን በግራ ጎኑ በአሮጌ ጎማ ላይ አስተኙት፣ የፍሪሲዮን ክዳኑ በቀኝ ከሆነ ዘይቱን ሳትቀዱ መክፈት ትችላላችሁ። ሞላዎቹን የያዙትን ቡሎኖች ሁሉንም ትንሽ ትንሽ እያላችሁ በመስቀልያ ፍቱ። ፕሌቶቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ጋዜጣ ላይ ደርድሩ። ብረቶቹን መስታወት ላይ አስቀምጡና በጣት ጫፍ ማዕዘኑን ተጫኑ፤ የሚወዛወዝ ጠምሟል። ሰማያዊ የሆነ ተቃጥሏል። ቀጥሎ ፕሌቶቹ የሚገቡበትን ቅርጫት ጣቶች በጥፍራችሁ ዳብሱ። ጥርስ ያህል ጉድጓድ ካለ ፕሌቱ እዚያ ውስጥ እየያዘ ነው የማይለቀው፤ በስስ ሞረድ እኩል አድርጉት፣ ብዙ አትብሉት።

ቤታ ላይ ሌላ የታወቀ ነገር አለ። የሸራው ቁርጥራጭ የተለጠፈበት ማጣበቂያ በጠርዙ ወጥቶ ይደርቃል፣ ዘይቱ በመሃል እንዳይፈስ ያግዳል። በምላጭ ቀስ ብላችሁ ፋቁት፣ እያንዳንዱን ቁርጥራጭ ዙሪያውን፣ በሁለቱም ፊት። ሥራው ቡና የሚያስፈላ ጊዜ ይወስዳል፣ አሰልቺ ነው፣ ውጤቱ ግን አዲስ ፍሪሲዮን ከመግዛት አይተናነስም። ስትመልሱ ሸራዎቹን ዘይት ውስጥ አሳድሯቸው። ቡሎኖቹ ስስ ናቸው፣ በረጅም መፍቻ አትጨክኑባቸው።

ጎማ ከየት ላምጣ? ስንት ንፋስ ልሙላ?

ልኩ ሁሌም ያው ነው፦ ፊት 2.75 በ21፣ ኋላ 4.00 በ18። የግድ የትሪያል ጎማ ይሁን፣ ጎኑ ለስላሳ ነው፣ ድንጋይ ላይ ይተኛል። የሞቶክሮስ ጎማ ልኩ ቢገጥምም ጎኑ ደረቅ ነው፣ ድንጋይ አይጨብጥም። መርካቶ አታገኙትም፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ነው የሚያመጣው። ማምጣት ከቻላችሁ አንድ የኋላ ጎማ ከየትኛውም ጌጥ ይበልጣል። የአዳዲሶቹ የኋላ ቸርኬ ያለ ካላማዳሪ የሚሠራ ስለሆነ ጎሚስታው ቸርኬውን በብረት እንዳይቧጭረው ቆማችሁ ጠብቁት።

ንፋስ ኋላ 4 እስከ 5 ፒኤስአይ፣ ፊት 6 እስከ 7። የጎሚስታ ጌጅ ይህን አያነብም፣ መርፌው ገና ከዜሮ አልተነሳም። እስከ 15 የምታነብ ትንሽ ጌጅ ግዙ። አንድ የማይታሰብ ነገር ልጨምር፦ ከፒያሳ ተነስታችሁ 3,000 ሜትር ወዳለፈው እንጦጦ ስትወጡ የውጪው ግፊት ስለሚቀንስ ፒያሳ ላይ 4 ያላችሁት ጎማ ላይ ስትደርሱ ወደ 5 ሊጠጋ ይችላል። ለመኪና ጎማ ምንም አይደለም። እዚህ ግን ከአራት አንዱ ማለት ነው፣ ስለዚህ የምትለኩት የምትነዱበት ቦታ ስትደርሱ ነው። እንዲህ የረገበ ጎማ አስፋልት ላይ በፍጥነት አይነዳም።

ይግላል፣ ፋኑ አይዞርም።

ትሪያል ሞተር ቆሞ ነው የሚሠራው ማለት ይቻላል፣ ንፋስ አያገኝም፣ ፋን ከሌለ ይፈላል። ሞተሩ እየሠራ ራዲያተሩ ላይ ካለው የሙቀት ማብሪያ የሚመጡትን ሁለት ሽቦዎች አንድ ላይ አገናኙ። ፋኑ ከዞረ ማብሪያው ሞቷል። ካልዞረ ፋኑ ራሱ ወይም ኤሌክትሪኩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጭቃ የያዘው ፋን ነው።

የራዲያተሩን ክዳን ጎሚኒም አትናቁ። በከተማችን ከፍታ ክፍት ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በላይ እንዳይፈላ የሚይዘው ክዳኑ የሚያፍነው ግፊት ነው። ከቧንቧ ውሃ ይልቅ ለአልሙኒየም የሚሆን ኩላንት ሙሉ።

ፍሬኑ ይጮኻል፣ አይዝም።

ሸራው መስታወት ሆኗል ወይም ዘይት ነክቶታል። በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ ነገር ላይ ፋቁት። ዘይት የጠጣ ሸራ ይጣል፣ አይድንም። የፍሬን ዘይቱን በዓመት ቀይሩ፣ ዶት 4 በየሱቁ አለ።

የሾኩ ማያያዣ ሥራ ይከብዳል?

አይከብድም፣ ይቆሽሻል። መታጠፊያዎቹ ውስጥ ቀጫጭን የመርፌ ኩሽኔታዎች አሉ፣ ከመሬት ቅርብ ናቸው፣ ጭቃና ውሃ ይገባባቸዋል። በክረምት የሚነዳ ሰው መስከረም ሲጠባ አውጥቶ በላምባ ማጠብና አዲስ ግራሶ መሙላት አለበት። አንዱም እንዳይጠፋ ከሥሩ ነጭ ጨርቅ አንጥፉ። የፊት ሹካውን ዘይትም በዚያው ቀይሩ፣ ሁለቱም እግር እኩል ሚሊ ሊትር ይግባ።

መለዋወጫ እዚህ አይገኝም። ምን ይሻላል?

በሞተሩ ስም ከጠየቃችሁ አይገኝም። በቁጥር ከጠየቃችሁ ግን ግማሹ ሶማሌ ተራ አለ። ኩሽኔታ ዓለም አቀፍ ቁጥር አለው፦ 6202 ማለት ውስጡ 15፣ ውጪው 35፣ ወርዱ 11 ሚሊ ሜትር ነው፣ 6203 ደግሞ 17 በ40 በ12። መኪና ላይ ይሁን ውሃ ፓምፕ ላይ ለኩሽኔታው ግድ የለውም። ኋላው ላይ 2አርኤስ የሚል ያዙ፣ በሁለቱም በኩል በላስቲክ የተሸፈነ ማለት ነው። ፓራኦሊም ፊቱ ላይ የውስጥ፣ የውጪና የወርድ ልክ ተጽፎበታል። አሮጌውን ሳትጥሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ ባለሱቁ በካሊበር ይለካላችኋል። ዋጋ ሲበዛ ርካሹን «ያው ነው» ይሏችኋል፣ ያው አይደለም፤ ማሸጊያው የታወቀ፣ ጽሑፉ ጥርት ያለ ያዙ።

ካቴናም እንዲሁ ነው። 428 የሚወስድ ከሆነ የመንገድ ሞተሮች ካቴና ስለሆነ በየቦታው አለ። 520 ግን ፈላልጋችሁ ነው።

ቡሽ፣ ፒን፣ ማሳረፊያ የመሰሉ ነገሮችን ቶርኖ ቤት ያሠሩ። የከተማችን የቶርኖ ባለሙያዎች ናሙና ከሰጣችኋቸው የማይሠሩት ጥቂት ነው። ናሙናው ያለቀ ከሆነ ያለቀውን ልክ እንዳይደግሙት ያላለቀውን ጎን አሳዩዋቸው። አሮጌ አልሙኒየም፣ ቡሎንና ዳዶ ምናለሽ ተራ ውስጥ በትዕግሥት ይገኛል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አካባቢ ከፈረሰ ወዲህ ብዙ ሱቅ ቦታ ቀይሯል፣ ድሮ የምታውቁትን ባለሙያ ስልኩን ያዙ። እውነተኛ የሞተሩ የራሱ ዕቃ፣ እንደ ፒስተን፣ የፓምፕ ዘንግና የማስነሻ ጥርስ ያለው፣ ከውጭ ከሚመጣ ዘመድ ጋር ነው የሚመጣው። ትንንሽ ስለሆኑ ሻንጣ አይከብዱም።

እሺ፣ ሁሉም ተስተካክሏል። አሁን ምን ላሻሽል?

መጀመሪያ ሁለት የደህንነት ነገሮች። አንደኛው እጃችሁ ላይ የምትታሰር ገመድ ያላት ማጥፊያ ናት፤ ስትወድቁ ተነቅላ ሞተሩን ታጠፋለች። ሁለተኛው የኋላ ጥርስ መከላከያ ነው። ካቴናው ጥርሱ ላይ በሚገባበት ቦታ ጣት ገብቶ ይቆረጣል፣ ሞተሩን ገፍቶ የሚረዳችሁ ጓደኛ ጣት ነው ብዙ ጊዜ የሚገባው። ከላሜራም ከጠንካራ ፕላስቲክም ማሠራት ይቻላል።

ቀጥሎ የእግር መቆሚያ። የድሮዎቹ ባለ ሁለት ሾክ ሞተሮች መቆሚያቸው ከፍ ያለና ወደፊት የወጣ ነው። ትንሽ ዝቅና ወደኋላ ማድረግ ሞተሩን ሌላ ያደርገዋል፣ ሰፊና ጥርስ ያለው መቆሚያ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ። ግን የሚሸከመው ሙሉ ክብደታችሁን ነው፣ ስትዘሉበትም ጭምር። ብየዳውን ቴላዮ የሚያውቅ ሰው ይሥራው።

ፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ ለካንዴላው እሳት የሚሰጥ መገናኛ) ያለው ሞተር ከሆነ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ማቀጣጠያ መቀየር ጥሩ ገንዘብ ማውጣት ነው፣ አነሳሱም ሚኒሞውም ይረጋል። እስከዚያው ፑንቲናውን አጽዱ፣ ክፍተቱን መመሪያው በሚለው ልክ አድርጉ፣ ብዙ ጊዜ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። አዲስ ካርቡራቶር መግጠም የመጨረሻው ነው። ያለው አካሉ ካልተበላ በቀር የጸዳና የተስተካከለ አሮጌ ካርቡራቶር ካልተስተካከለ አዲስ ይሻላል።

ጉልበት ለመጨመር ሲሊንደር መቆፈር፣ ማርሚታ መክፈት? ለትሪያል አይረባም። የምትፈልጉት ከታች ቀስ ብሎ የሚመጣ ጉልበት ነው፣ እነዚህ ሥራዎች ደግሞ ጉልበቱን ወደ ላይ ይወስዱታል። ጎረቤትም ያስቀይማል። ከፍታው የወሰደባችሁን ለማካካስ የፊቱን ጥርስ በአንድ ዝቅ ብታደርጉ ይሻላል፣ በጥቂት ብር ያልቃል።

ታንከሩ ፋይበር ግላስ ነው። ችግር አለው?

አለው። የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስፓኒሽ ሞተሮች፣ እነ ቡልታኮና ሞንቴሳ፣ ብዙዎቹ ፋይበር ታንከር አላቸው። ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ፋይበሩን ያሟሟዋል፣ የሟሟው ሙጫ ካርቡራቶር ውስጥ ገብቶ ይጋገራል። በከተማችን ከዚህ ቀደም ቤንዚን ላይ ኤታኖል ይቀላቀል ነበር። ስለዚህ ነድታችሁ ስትጨርሱ ታንከሩን ባዶ አድርጉ፤ ከተቻለ በፕላስቲክ ወይም በአልሙኒየም ቀይሩት።

ፊልትሮውን በስንት ጊዜ ልጠብ? በቤንዚንስ?

አቧራ ላይ ከነዳችሁ በወጣችሁ ቁጥር። ቤንዚን ስፖንጁ የተያያዘበትን ማጣበቂያ ይለቀዋል፣ በላምባ እጠቡት፣ ከዚያ በሞቀ ውሃና በሳሙና፣ ጨምቁት እንጂ አትጠምዝዙት። ጥላ ሥር ይድረቅ። የፊልትሮ ዘይት ቀብታችሁ ቀለሙ እኩል እስኪሆን እሹት። ሲገባ ጠርዙ ላይ ግራሶ ቀቡ፣ አቧራ የሚገባው በዚያ ነው።

የት ልለማመድ?

መሃል ከተማ ሆኖ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። ግን ትሪያል ሰፊ ቦታ አይፈልግም። የአንድ ግቢ ስፋት፣ ጥቂት ብሎኬት፣ አንድ ወፍራም ግንድና ቀስ ብሎ የመዞር ትዕግሥት ካላችሁ ወራት ይበቃችኋል። ጎረቤት በሚያርፍበት ሰዓት አታስነሱ። ከከተማ ስትወጡ የቦታውን ባለቤት ወይም ገበሬውን አስፈቅዱ፣ የተዘራ አትርገጡ። የእንጦጦ ፓርክ የእግር መንገዶች የሰው ናቸው፣ እዚያ በሞተር አይገባም።